በጣሳ ላይ የቆመ አልጋ

ሥራዬ መጠየቅ ነበር። "ዩኒቨርሲቲ ነው የምሠራው" ስል ብዙ ሰው አስተማሪ እመስለው ነበር፤ አልነበርኩም። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጎንደር ጨርሼ ከዚያ ወዲህ የተማሪ ወንበር ላይ አልተቀመጥኩም። ካርቱም ውስጥ አንድ ዩኒቨርሲቲ ስለ ከተማው ጥናት ሲያካሂድ ወደ ሐበሾች ቤት የምትላከው ሴት እኔ ነበርኩ። በዓረብኛ የተጻፈውን ጥያቄ በአማርኛ እጠይቃለሁ፤ በአማርኛ የተነገረኝን መልስ በዓረብኛ ይዤ እመለሳለሁ። ጉልበቴ እስኪደክም የሠራሁት ይኸው ነው።

ጦርነቱ ጋብ ብሎ ወደ ከተማው ስንመለስ ቢሮዬን ለማየት ሄጄ ነበር። በሩ የለም። የመስኮቱ ብረት የለም። የኤሌክትሪክ ሽቦው ሳይቀር ከግድግዳው ውስጥ ተጎትቶ ስለወጣ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ተተልትሎ ቀርቷል። የግቢው ዘበኛ ክፍሉ እንደ ቀድሞው እንደማይከፈት፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሠራተኞችም እንደተሰናበቱ ነገረኝ። "ኸላስ፣ ሲት አስካለ፣ አንቺም ተገላገልሽ" አለኝ። ኸላስ ማለት አለቀ፣ ሲት ማለት ወይዘሮ ማለት ነው። የመሰናበቻው ወረቀት ከወራት በኋላ ደረሰኝ። ስለ ጡረታው ገንዘብ የምለው የለኝም። ሥራው እንዴት እንደነበረ ግን መጻፍ እችላለሁ ብዬ ተቀመጥኩ።

ክፍላችን ውስጥ አራት ጠረጴዛ ነበር፤ አንዱ የሒሳብ፣ አንዱ የምህንድስና፣ አንዱ የከተማ ቱሪዝም፣ አንዱ የሕግ። አራት የማይተዋወቁ ትምህርቶች ለምን አንድ ክፍል ውስጥ እንደገቡ እንግዳ ሲመጣ ብዙ ማብራሪያ ይሰጡ ነበር። በመካከላችን ግን ምክንያቱ ይታወቃል። በዚያ ፎቅ ላይ በደንብ የሚሠራው ማቀዝቀዣ የዚያ ክፍል ብቻ ነበር። መጀመሪያ ከሙቀት ሸሽተው ተሰበሰቡ፤ አብሮ መሥራቱ በኋላ መጣ።

ወደዚያ ያስገቡኝ የሒሳብ መምህሩ ኡስታዝ አብደልረሒም ናቸው። ያን ጊዜ አል-ጣኢፍ በሚባለው የካርቱም ሰፈር ከእህታቸው ቤት ነበር የምሠራው፤ ማደሪያዬ ሌላ ሰፈር፣ አል-ሳሃፋ ነው። ባሌ ከሞተ ዓመት ያህል ሆኖት ነበር። ኡስታዝ ዓርብ ዓርብ ለምሳ ይመጣሉ። አንድ ዓርብ፣ ወደ ቤቴ ስመለስ አውቶቡስ ብዙ እጠብቅ እንደሆነ ጠየቁኝ። ብዙም አልጠብቅም አልኳቸው። የአሠሪዬ ወንድም ናቸው፤ እጠብቃለሁ ብል ማማረር ይመስልብኛል። በሌላ ዓርብ ደግሞ፣ ስጠብቅ ምን እየሠራሁ እንደምቆይ ጠየቁኝ። ዳንቴል እሠራለሁ አልኩ። በሦስተኛው ዓርብ ዳንቴሉን አምጪና አሳዪኝ አሉ። አውቶቡሱ እስኪመጣ ምን ያህሉ እንደሚያልቅ ሲጠይቁኝ ሳላስበው የትራስ ልብሱን አንድ ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር በጣቴ አሳየኋቸው።

እህታቸው ሣቁ። እሳቸው አልሣቁም።

"ብዙም አልጠብቅም ብለሽኝ ነበር" አሉ። ከዚያ ወደ እህታቸው ዞረው ይህችን ሴት እወስድብሻለሁ አሏቸው። አሠሪዬ ብዙ ቀን አኮረፉኝ።

ኡስታዝ አጭር ሰው ነበሩ፤ በቁመታቸው የሚቀልዱት ራሳቸው ናቸው። የድሃ ቤት በር ዝቅ ያለ ስለሆነ አላህ ሳላጎነብስ እንድገባ ብሎ ነው ያሳጠረኝ ይሉ ነበር። ሰው ቤት ከገቡ የቀረበላቸውን ይጠጣሉ። ሐኪም ስኳር ከልክሏቸው ሳለ እንኳ ስኳሩ ከብርጭቆው ሥር የተኛ ሻይ ሲሰጧቸው እስከ ጭላጩ ይጨርሱታል። ብዕር የሚያወጡት በመጨረሻ ነው። ጥያቄያቸው ስለ ሰው አይደለም፤ ስለ ዕቃ ነው። ውሃ ታገኛላችሁ ወይ አይሉም፤ በርሜሉ መቼ ነው የታጠበው ይላሉ። ባዶ ሲሆን ነው በርሜል የሚታጠበው። ትራባላችሁ ወይ አይሉም፤ ትልቁ ድስት የት አለ ይላሉ። ትልቁ ድስት ተሰቅሎ አቧራ ከለበሰ መልሱ እሱ ነው።

አንድ ነገር ሦስት ጊዜ፣ በሦስት በኩል እንድጠይቅ አስተማሩኝ። "የመጀመሪያው መልስ የአንቺ የጠያቂዋ ነው፤ ደስ እንዲልሽ የሚሰጥሽ ነው። ሁለተኛው የጎረቤት ነው። ሦስተኛው ነው የባለቤቱ" ይሉ ነበር። ሦስተኛውን ለማግኘት አንድ ዘዴ ነበራቸው። ለፀሐይ የሚይዙትን ጃንጥላ ሆን ብለው ሰው ቤት ይረሳሉ። ጥቂት ከሄዱ በኋላ ይመለሳሉ። ሰው ጠያቂው ሄደልኝ ብሎ ልቡን ሲፈታ፣ በሩ ላይ ጃንጥላውን እያቀበለ እውነቱን ይናገራል። እኔ ጃንጥላ አልነበረኝም፤ መሐረብ መርሳት ተማርኩ።

በዚህ ዓይነት ብዙ ዓመት ሠራሁ። ለሒሳቡ ጠረጴዛ የካላክላ ሰፈር አውቶቡሶች መነሻ ላይ እየቆምኩ፣ ሐፍላ የሚባለው ሚኒባስ እስኪሞላ ሴቶች እንዴት እንደሚቆዩ እጠይቅ ነበር። ረዳቶቹ ለመዱኝና "ያላ፣ ሐጃ፣ ዛሬም ትጠይቂያለሽ ወይስ ትሳፈሪያለሽ?" እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ለቱሪዝሙ ጠረጴዛ ደግሞ ሁለቱ ዓባዮች ከሚገናኙበት ዳርቻ እየተቀመጥኩ፣ ከአዲስ አበባ ዘመድ ጥየቃ የመጡትን ሐበሾች ምን እንዳዩና ምን እንዳጡ እጠይቃለሁ። የቱሪዝሙ ኃላፊ ዶክቶራ ሳሚያ ናቸው፤ ይህ ከተማ እንግዳ ተቀምጦ ውሃ የሚያይበት ጥላ የለውም እያሉ የሚቆጩ ሰው። በነጭ ዓባይ ዳር፣ በካላክላ በኩል፣ ሰው የሚንሸራሸርበት መንገድ ቢሠራ ብለው ያስጠኑ ነበር። የዚያን ሰፈር ሰዎች እንግዳ ቢመጣባችሁ ትወዳላችሁ ወይ ብለን ጠይቀን፣ ሁሉም አህለን ወሰህለን፣ እንኳን ደህና መጡ ብለውናል። ይህን የምናገረው በኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

የሕጉ ጠረጴዛ የኡስታዛ ናህላ ነበር። ወጣት ጠበቃ ናት፤ ቢሮ ተቀምጣ ባለጉዳይ አትጠብቅም። ዓርብ ዕረፍት የሚወጡትን የቤት ሠራተኞች ሰብስባ ምንጣፍ ላይ አብራቸው ትቀመጣለች። እኔ ስለእናንተ ስናገር ዳኛው እኔን ነው የሚያየው፤ ስለዚህ እናንተ መናገር ተማሩ ትላቸው ነበር። እኔ በመካከል እተረጉማለሁ።

አንዲት ዘይነብ የምትባል የወሎ ልጅ ትዝ ትለኛለች፤ አል-ጣኢፍ ትሠራ ነበር። ፓስፖርትሽ የት ነው ስላት እኔ ዘንድ ነው አለች። ቆይቼ ዕቃሽን የምታስቀምጪበት ሣጥን ቁልፍ አለው ወይ ስላት፣ ፓስፖርቱን እመቤቴ እንዳይጠፋብኝ ይዛልኛለች አለች። መሐረቤን ረስቼ ስመለስ በሩ ላይ፣ "እትዬ፣ ፎቶው ላይ ሻሽ አድርጌ ነበር ወይስ አላደረግኩም? መልኩ ጠፍቶብኛል" አለችኝ። ናህላ ያንን ይዛ ሄደች፤ ፓስፖርቱ ተመለሰ። እንዲህ ያለው ቀን ብዙ አልነበረም፤ ግን ነበር።

አሁን ወደ መንደሩ ልምጣ። በካላክላ ዳርቻ፣ ወደ ነጭ ዓባይ በሚወርደው በኩል፣ የጭቃ ቤቶች የተደረደሩበት ጠባብ መንደር አለ። ሱዳኖችም ሐበሾችም ይኖሩበታል፤ የሚበዙት ሐበሾች ናቸው። ከመንደሩ በታች ዝናብ ሲዘንብ ውሃውን ወደ ወንዙ የሚወስድ ሜዳ ነበር። በዚያ ሜዳ ላይ መንገድ ተሠራ። መንገዱ በአፈር ከፍ ተደርጎ ሲሠራ ከሥሩ ውሃ ማሳለፊያ ቱቦ አልተቀበረለትም። በዚያው ክረምት ውሃው መውጫ አጥቶ መንደሩ ውስጥ ተኛ።

ከክረምቱ በኋላ ክፍላችን በደቡብ ካርቱም የትኛው ሰፈር ውሃ እንደሚገባው ማጥናት ጀመረ። የጥናቱ ገንዘብ ከዶክቶራ ሳሚያ የመንሸራሸሪያ መንገድ የተረፈ ነበርና የሚዘጋበት ቀን ደርሶ ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት አንድ ጊዜ ብቻ እንዲጠየቅ ተወሰነ። ኡስታዝ ሦስት ጊዜ ካልሆነ አይሆንም ይላሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። እሳቸውም ደክሟቸው ነበር መሰለኝ፤ "መዓሌሽ፣ ግድ የለም፣ ለአንድ ጊዜ" አሉ።

እዚያ መንደር ወዳጄ ዋጋዬ ነበረች። ዋጋዬ ልብስ አጥባና በከሰል ካውያ ተኩሳ የምትተዳደር ሴት ናት። በተከራየችው መሬት ላይ ክፍሏን የሠራችው ራሷ ናት፤ ጭቃውን በገዛ እግሯ ረግጣ። ከዚያች ክፍል ሌላ በዚህ ዓለም ያላት ነገር የለም፤ ምላሷ ግን አለ። ኡስታዝና እኔ ስንገባ አልጋዋ ላይ አስቀመጠችን። በገመድ የተጠለፈ የሱዳን አልጋ ነው፤ አንገረብ ይሉታል። ኡስታዝ ሲቀመጡ እግራቸው አየር ላይ ተንጠለጠለ።

"ሐጂ፣ እግርዎ እንደኛ አገር አጣ" አለች ዋጋዬ።

ተረጎምኩላቸው። ዕንባቸው እስኪመጣ ሣቁ። ሻይ ተጠጣ። ክፍሉ የእርጥብ ምርጊት ይሸታል፤ ግድግዳው ገና የተለሰነ ነበር። ውሃ ገብቶባችሁ ያውቃል ወይ ብዬ ጠየቅሁ። "ኧረ የለም፣ ተመስገን" አለች። ጻፍኩ። በሚቀጥለው ቤትም ተመስገን አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ባሉትም። ኡስታዝ የዚያን ቀን ጃንጥላቸውን አልረሱም፤ ይዘው ወጡ።

ጥናቱ ታተመ። ያ መንደር ውሃ አይገባውም ተብሎ ተጻፈ።

በሁለተኛው ክረምት ውሃው ባሰ። የመንደሩ ሴቶች ራሳቸው ወደ ናህላ መጡ። ከመንገዱ ሥር ቱቦ ይቀበርልን ነው ጥያቄያቸው፤ ሌላ ምንም አልጠየቁም። ናህላ ያለፈውን ጥናት ታውቀዋለች። ሴቶቹ ቀርበው ባለፈውም ዓመት ገብቶ ነበር ካሉ ይበቃል፤ የሰው ቃል ከሰንጠረዥ ይበልጣል ብላ አመነች። አንድ ሙሉ ወር ዓርብ ዓርብ እንዴት እንደሚናገሩ አለማመደቻቸው። ዋጋዬ እንድትናገር ተመረጠች።

ችሎቱ በጠዋት ነበር። እኔ ከዋጋዬ ጎን ቆሜ እተረጉማለሁ። መንገዱን ያሠራው መሥሪያ ቤት ጠበቃ ብዙ አልተናገረም። የእኛኑ ጥናት አውጥቶ አነበበ። መንገዱ በተሠራበት ዓመት የዚህ መንደር ሰዎች በገዛ ቋንቋቸው፣ በገዛ አገራቸው ሴት ተጠይቀው ውሃ አልገባንም ብለዋል፤ የዘንድሮው የዝናቡ መብዛት እንጂ የመንገዱ ጥፋት አይደለም አለ። ዳኛው ወደ ዋጋዬ ተመለከቱ።

"ያን ጊዜ ነው የዋሸሽው ወይስ ዛሬ?"

ይህንን የተረጎምኩላት እኔ ነኝ።

"ያን ጊዜም ስለ ቤቴ ፈርቼ ነው፤ ዛሬም ስለ ቤቴ ፈርቼ ነው" አለች ዋጋዬ።

ይህንንም ተረጎምኩ። አቤቱታው ውድቅ ሆነ።

ስንወጣ ዛፍ ሥር ተቀምጠን ለምን እውነቱን እንዳልነገረችኝ ጠየቅኋት። ነገሩ እንዲህ ነበር። የመንሸራሸሪያውን መንገድ የጠየቅነውም ስለ ውሃው የጠየቅነውም እኛው ነን፤ መኪናው አንድ፣ ሰዎቹ አንድ። የመንደሩ ሰው ሁለቱን አገናኘ። ውሃ የገባው ቤት በቀለም ምልክት ተደርጎበት ይፈርሳል፤ በቦታው ለእንግዳ መንሸራሸሪያ ይሠራል ተባለ። ተሰብስበው ተማከሩና ውሃ አልገባንም ለማለት ተስማሙ። የውሃው እድፍ እንዳይታይ ግድግዳውን ሁሉ ያለ ወቅቱ መረጉት።

"ለእኔ እንኳ?" አልኳት።

"እትዬ፣ ላንቺማ ነው የደበቅነው። እንጀራሽ እሱ ነው። ብንነግርሽ ወይ ጽፈሽ ታስፈርሺናለሽ፣ ወይ ለእኛ ብለሽ ትዋሻለሽ። ሁለቱንም እንዳታደርጊው ብለን ነው።"

አውቶቡስ ተሳፍረን ተመለስን።

በሦስተኛው ክረምት፣ ጠዋት ልብስ ስትተኩስ፣ የዋጋዬ የኋላ ግድግዳ ከሥሩ ርሶ ኖሮ በላይዋ ወደቀ። ዳሌዋ ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ያለ ከዘራ አትሄድም፤ መተኮሱም ቀረ፤ ብዙ መቆም አትችልምና።

ኡስታዝ ሆስፒታል ሊጠይቋት መጡ። ወንበር ላይ ጃንጥላቸውን በጉልበታቸው መካከል ይዘው ረጅም ጊዜ ተቀመጡ። ዋጋዬ ስለ ጤናቸው ትጠይቃቸዋለች፤ እሳቸው ወለሉን ያያሉ።

"ሲት አስካለ" አሉኝ በመጨረሻ፣ "የዚያን ቀን እግሬ መሬት አልነካም ነበር። አልጋው ለምን ከፍ እንዳለ አልጠየቅኩም። ሣቅኩ።"

እኔም አይቼው ነበር። አልጋው በአራቱም እግሩ አሸዋ የተሞላ የዱቄት ወተት ጣሳ ላይ ቆሞ ነበር። በሚቀጥለው ቤትም እንደዚያው። ጥያቄው ስለ ውሃ እንጂ ስለ አልጋ ስላልነበረ አልጻፍኩትም። ኡስታዝ ግን የእኔን ስም አላነሡም፤ ራሳቸውን ብቻ ነው የወቀሱት።

ዋጋዬ ከሆስፒታል እንደወጣች ኡስታዝና እኔ ወደ መንደሩ ተመለስን። ገንዘብም መኪናም አልነበረም፤ በሐፍላ ነው የሄድነው። ስለ ውሃ አንድም ቃል አልጠየቅንም። አልጋው መቼ ነው ጣሳ ላይ የወጣው፣ ጣሳውን ማን አመጣው፣ ከአንድ ጣሳ ወደ ሁለት ድርብ የተደረገው መቼ ነው፤ ይህን ብቻ ጠየቅን። ሴቶቹ ስለ አልጋቸው ለመናገር አልፈሩም። የሚያስቅ ሁሉ ነበረው። አንዷ ባሏ ሰክሮ ሲገባ ከፍታውን ስለረሳው በየጊዜው ይወድቅ እንደነበር ነገረችን፤ መንደሩ በሙሉ ሣቀ። ሰዎቹ እንዲያምኑን መጀመሪያ የነገርናቸው ያልፈለጉትን አለመናገር እንደሚችሉ ነው፤ ናህላም አብራን እየመጣች ምን እንደሚጻፍና ማን እንደሚያየው ከመጻፋችን በፊት ታስረዳ ነበር። ያን ቀድሞ ማድረግ ነበረብን።

ጣሳዎቹን ቀና አድርገን ስናይ በእያንዳንዱ ላይ የዝገት መስመር አለ። ውሃው እስከዚያ ደርሶ የቆመበት ነው። ግድግዳ ይመረጋል፤ ጣሳ የሚመርግ ሰው ግን የለም። የምህንድስናው ሰው፣ እኛ ባሽሙሀንዲስ የምንለው፣ ባለ ሦስት እግር መለኪያውን ተሸክሞ መጣና መስመሮቹን ከቤት ቤት ለካ። ኡስታዝ ቁጥሮቹን ይዘው ቁጭ አሉ። የአንዱ ቤት ወለል ከፍ ያለ ነው፣ የሌላው ዝቅ ያለ፤ ዝገቱም አንዱ ጋ ከጣሳው አናት፣ ሌላው ጋ ከታች ነው። ወለሉና መስመሩ ሲደመር ግን ሁሉም አንድ ከፍታ ላይ ይወድቃል። ያ ከፍታ ደግሞ ከመንገዱ አናት ጥቂት ዝቅ ብሎ ነው። ውሃው በየቤቱ የገባ ጎርፍ ሳይሆን መንገዱ ያቆመው አንድ ኩሬ ነበር ማለት ነው። ኡስታዝ ይህንን ሲያስረዱኝ ሁለት ብርጭቆ ሻይ አጠገብ ለአጠገብ አስቀመጡ። "ሰው እንደፈራው መጠን ይናገራል። ውሃ ግን ሲተኛ ልኩን ይዞ ነው የሚተኛው" አሉ።

ያን ጊዜ ክፍላችን አራቱም ጠረጴዛ አንድ ሥራ ሲሠራ አየሁ። ዶክቶራ ሳሚያ እንኳ መንሸራሸሪያው በመንደሩ ላይ እንደማያልፍ ጽፈው ፈረሙ። ናህላ አዲስ አቤቱታ አስገባች፤ ቀጠሮ ተሰጠን። ዋጋዬ በከዘራዋ ቆማ ለመናገር ተዘጋጅታ ነበር።

ቀጠሮው ሳይደርስ ጦርነቱ መጣ።

ስለዚያ ጊዜ ብዙ አልጽፍም። ከዋጋዬ ጋር ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ገዳሪፍ ወጣን። እዚያ ሳለን ናህላ ከካይሮ ደውላ ኡስታዝ ሸንዲ በምትባል ከተማ ዘመዶቻቸው ዘንድ ሳሉ መሞታቸውን ነገረችኝ። የአቤቱታው መዝገብም የጥናቱ ወረቀትም ከቢሮው ጋር መጥፋቱን በዚያው ነገረችኝ። ስልኩን ዘጋሁና የጀመርኩትን ልብስ አጥቤ ጨረስኩ።

ስንመለስ አል-ሳሃፋ የነበረችው ክፍሌ ጣሪያ አልነበራትም። ስለዚህ አሁን የምኖረው ካላክላ፣ ዋጋዬ ዘንድ ነው። ቤቷን ሰብረው የገቡ ሰዎች ካውያውንም ልብሱንም ወስደዋል። አልጋውና ጣሳዎቹ እንዳሉ ናቸው። የዛገ ጣሳ ለማን ምን ያደርጋል?

በቅርቡ ከዩኒቨርሲቲው የመጡ ወጣቶች ዝናቡ ሳይገባ ለየትኛው ሰፈር መጀመሪያ ውሃ ማስወገጃ ይሠራ ብለው ማጥናት ጀመሩ። ናህላ ይህንን ሰምታ ደወለች። አዲሱ ጥናት ውሃ ይገባል ካለ አቤቱታውን ካለችበት ሆና በሌላ ጠበቃ በኩል ታስከፍታለች። እንደ ድሮው የለም ካለ ግን ሁለተኛ ጊዜ ነውና በሩ ለዘለቄታው ይዘጋል።

መንደሩም ሰምቶ ነበር። እንደገና ወሬ አለ፤ አሁንማ የባሰ ነው። የተጎዳ ቤት ያለ ፈቃድ የተሠራ ነው ተብሎ ይነሣል፤ ሐበሻው ተለቅሞ ወደ ድንበር ይወሰዳል ይላሉ። ውሸት ነው ልላቸው አልችልም፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲደረግ ሰምቻለሁ። ሴቶቹ ወደ እኔ መጡ። እማማ አስካለ፣ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ምን እንበል አሉኝ። እኔ ዕድሜ ልኬን ጠያቂ እንጂ መላሽ ሆኜ አላውቅም አልኳቸው። ለመሸሽ ያህል ነው ያልኩት።

ዋጋዬ ግን ከአልጋው ላይ ሆና መለሰችላቸው። "በውሸት አንዴ ፈርሶብኛል። በእውነት ሲፈርስ ገና አላየሁም።"

ሴቶቹ ሳይስማሙ ተበተኑ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሪም የምትባል ልጅ መጣች። የምህንድስና ተማሪ ናት፤ መልካም ጠባይ አላት፤ የሚጽፉት አሁን በስልክ ነው። ዋጋዬ አልጋው ላይ አስቀመጠቻትና ራሷ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ሻይ አቀረብኩ፤ ጠጣች። ጎረቤቶቹ ከበራፉ ውጭ ቆመው እንደሚሰሙ አውቃለሁ፤ የጥላቸው ጫፍ ይታየኛል። እኛ የምንለውን ነው እነሱም የሚሉት።

ሪም ክረምት ላይ ውሃ ይገባባችኋል ወይ ብላ በዓረብኛ ጠየቀች። ዋጋዬ ወደ እኔ አየች። አንቺ ተናገሪ ማለቷ ነው።

"ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ" አልኩ።

አስቤ አላልኩትም። አፌ ነው ያለው። ስንት ሰው ይህችኑ ቃል ሲነግረኝ ጽፌ ሄጃለሁ፤ ከራሴ አፍ ስትወጣ ግን ምን ያህል ቀላል እንደሆነች ያን ጊዜ አወቅሁ። ሪም ጣቷን ወደ ስልኩ ሰደደች። እግሯ ከአልጋው ላይ ቁልቁል ተንጠልጥሎ ቀስ ብሎ ይወዛወዝ ነበር።

"አትጻፊው፣ ልጄ" አልኳት። "መጀመሪያ ይህንን ማን እንደሚያየው ንገሪኝ። ከዚያ ሁለተኛ ጠይቂኝ፤ በሌላ በኩል።"

ማን እንደሚያየው ነገረችኝ። ሁሉንም አላወቀችም፤ የማታውቀውን አላውቅም አለች። ያ ይሻላል።

"በየት በኩል ልጠይቅሽ፣ ኻልቶ?" አለች፤ አክስቴ ማለቷ ነው።

"እግርሽን እዪው" አልኳት።

ዝቅ ብላ አየች። ስልኳን አልጋው ላይ አስቀመጠች። ዋጋዬ ከዘራዋን ከመንገድ አነሣችና ልጅቷ ጎንበስ ብላ ጣሳዎቹን እንድታይ በርጩማዋን ወደ ኋላ ሳበች።